የጓዳ ጥያቄ፦ ጠጅ ሳሩን ማን አኘከው?

ሰላም ናችሁ አንባብያን። ስለ እንጀራ አይንና ስለ ሽሮ መጓጎል የጠየቃችሁኝ አትቀየሙኝ፣ ለሚቀጥለው አቆይቻችኋለሁ። ምክንያቱም ከደሴ አንዲት እናት የላከችልኝ ጥያቄ አምዱን ሊበላው ነው፣ ላሳጥረው ሞከርኩ ከየት ልቁረጥ፣ በቃ እንዳለ አወጣሁት። ወሬው ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ሳይወጣ አልቀረም መሰለኝ በዚያው ሳምንት ስለዚሁ ስለ ታይላንድ ምግብ ሌሎች ጥያቄዎችም መጡ፣ አንዱማ ከማን እንደመጣ ስታዩ ትስቃላችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ እንዴት ነሽ፣ ሁሌ እከታተልሻለሁ። እኔ የደሴ ሰው ነኝ፣ ሙጋድ ነው ቤታችን፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ያለፈው ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ ሁሉ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ተሰባስበን ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ከሰባት አመት በኋላ ከዱባይ መጥታ። ከደሴ ስንነሳ ጭጋጉ ሰው አያሳይም፣ ልጆቼን በጃኬት በሹራብ ጠቅልዬ፣ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁሉም አወለቀና እኔን የልብስ መስቀያ አደረገኝ። ቅዳሜ አክስቴ ዶሮ ወጥ ሰራች፣ በላን፣ ቡና ተፈላ፣ እስከ ሌሊት ተጫወትን። እሁድ ጠዋት ግን ልጅቷ ተነስታ «ዛሬ የማበላችሁ እኔ ነኝ፣ ማንም ጓዳ ድርሽ እንዳይል» አለች። ለካ ዱባይ የምትሰራበት ቤት አብራት የምትሰራ የታይላንድ ሴትዮ ነበረች፣ ምግቡን የምትሰራው ሴትዮዋ ናት፣ አጠገቧ ቆማ ቆማ ተምራለች። እኛ ታይላንድ ሲባል የምናውቀው እገሌ ታሞ ባንኮክ ሄደ ሲባል ነው፣ እውነቴን ነው እዛ አገር ምን እንደሚበላ አስቤውም አላውቅ።

እና ምን አመጣች መሰለሽ፣ መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ፣ ዶሮና ቲማቲም ያለበት፣ ሽታው ግን የአያቴን ጓሮ አስታወሰኝ። ቶም ያም ይባላል አለችን። አንድ ማንኪያ ስቀምስ ሎሚው ቀደመ፣ ቃሪያው ከኋላው ደረሰ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነገር፣ አፌ ውስጥ አራት ሰው ባንዴ የሚያወራ ነው የመሰለኝ። አባቴ ግን ሾርባው ውስጥ የነበረውን ሳር መሳይ ነገር አገኘና እንደ ሥጋ ያኝካል፣ ያኝካል አያልቅም፣ ሰው ፊት መትፋቱም ነውር ሆኖበት፣ መጨረሻ ላይ «ልጄ ዱባይ ድረስ ሄደሽ መጥተሽ ሳር ታበይኛለሽ? ይሄ እኮ ጠጅ ሳር ነው!» ሲል ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ሩዝ መጣ፣ ላዩ ላይ በነጭ ሽንኩርትና በእርጥብ በሶብላ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ፣ ከሱ በላይ የተጠበሰ እንቁላል። ትልቁ ልጄ ስምንት አመቱ ነው፣ ሥጋ በልመና ነው የሚበላው፣ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። እኔማ ስንቴ እንዳስጨመርኩ አልናገርም። በሶብላን ደርቆ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ሲገባ ነው የማውቀው እንጂ እንዲህ እንደ ጎመን ሲበላ አይቼ አላውቅም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ሰኞ ደሴ ተመለስን፣ ማክሰኞ ራሴ ልሞክረው ብዬ ጓዳ ገባሁ። ሩዙ መሀሉ ጥሬ ቀረ፣ ሥጋው ውሃ ለቆ ተቀቀለ፣ ሾርባው የጉንፋን ሎሚ ውሃ ሆነ። ባሌ ቀምሶ «ይሄ የእሁዱ ዘመድ ነው ወይስ ጎረቤት?» አለኝ። ምንድነው ያጠፋሁት? ልጅቷ በሻንጣ ይዛው የመጣችው የአሳ ሶስ የሚሉት ጠርሙስ የግድ ነው ወይ? ደሴ ላይ ይሄን ምግብ መስራት ይቻላል ወይስ ዝም ብዬ በየእሁዱ ኮምቦልቻ ልመላለስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ጠጅ ሳሩን ታይላንዶቹም አያኝኩትም። ጠጅ ሳሩ፣ የዝንጅብል ዘመድ የሆነው ጋላንጋል የሚሉት ስር፣ የሎሚ ቅጠሉ፣ ሦስቱም ሾርባ ውስጥ የሚገቡት ለሽታ ነው፣ ተበልቶ ሲያልቅ ሳህኑ ጥግ ላይ ተሰብስበው ይቀራሉ። እኔም አኝኬዋለሁ ስለዚህ አይፈሩ። እናቴን ለሕክምና ይዤ ባንኮክ አምስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር፣ ካረፍንበት ቤት በር ላይ ጋሪ ይዛ የምትቆም ሴትዮ ነበረች፣ የመጀመሪያውን ቀን እኔም እንደ አባትሽ ሳሩን አላምጬ ለመዋጥ ስታገል አይታ ራሷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሆስፒታል በተኛችባቸው ቀናት ምሳዬ እሷ ጋ ነበር፣ ቋንቋ አንግባባም፣ በጣት ነው ያለቀው።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ሥጋው ላይ ምን እንዳደረግሽ ልገምት? ሽንኩርት ከተፍሽ፣ አቁላላሽ፣ ሥጋውን ሙሉውን አንዴ ጨመርሽ፣ ከዚያ ክዳን ገጠምሽበት። እጃችን ወጥ ለምዷል ምን ይደረግ። የኛ ምግብ ጣዕሙ የሚመጣው ከጊዜ ነው፣ ቁሌቱ በቀስታ፣ በርበሬው በቀስታ፣ ቅመሙ መጨረሻ። የነሱ ግን ፓድ የሚባለው ሁሉ፣ ማለት በመጥበሻ የሚገለባበጠው፣ ከተጣደ አምስት ደቂቃ አይሞላውም። ባንኮክ ያቺ ሴትዮ ስትሰራ አይቻታለሁ፣ መጥበሻው ጭስ እስኪያወጣ ይግላል፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ባንድነት የተወቀጠ፣ አስር ሰከንድ፣ ሥጋ፣ ገልበጥ ገልበጥ፣ ሶስ፣ ቁንጥር ስኳር፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ቅጠሉ ይገባል፣ አለቀ። ቀይ ሽንኩርት የለበትም ክዳንም የለውም። አንቺ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ካለሽ ሁለት ቦታ ክፈዪው፣ የኛ ምድጃ እሳት እንደነሱ ስለማይበረታ ሙሉውን አንዴ ካፈሰስሽው መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ የምትሰሪው ቅቅል ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ለግማሽ ኪሎ ስድስት ፍሬ ይበቃዋል። ቃሪያው እንደ ድፍረትሽ፣ ግን የኛ ረጅሙ አረንጓዴ ቃሪያ ለዚህ ይለዝባል፣ ሚጥሚጣ የሚሆነው ትንሹ ፍሬ እርጥቡ ከተገኘ እሱ ነው የሚቀርበው። እና ስትጠብሺ መስኮቱን ክፈቺ! እኔ መጀመሪያ ቀን ዘግቼ ጠብሼ ቤተሰቡ ሁሉ እያሳለ በረንዳ ላይ ነው የዋለው።

በሶብላው እሳት ከጠፋ በኋላ ነው የሚገባው፣ ሙቀቱ ራሱ ያጠወልገዋል። እነሱ ለዚህ ምግብ የሚጠቀሙት ክራፓው የሚሉትን ቅጠል ነው፣ ከኛ በሶብላ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ቁርጥ አንድ አይደሉም ግን ዝምድናቸው ሽታው ላይ ይታወቃል። እፍኝ ሙሉ አድርጊው አትሳሺ፣ አዎ ልክ እንዳልሽው እንደ ጎመን።

ሩዙ ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የደሴም ነው። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባንኮክ ባህር አፍ ላይ ስለሆነች 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ ያለው ደቂቃ ለኛ አይሰራም፣ ውሃው ቢንተከተክም በቂ ሙቀት የለውም። ኮምቦልቻም ቢሆን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ከደሴ የምትሻለው በሁለት ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ልጅቷ ሩዙን አስቀድማ ዘፍዝፋዋለች ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ደውለሽ ጠይቂያት። አንቺም ግማሽ ሰአት ዘፍዝፊው፣ ውሃውን ከወትሮው ትንሽ ጨምሪ፣ ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር ጫኚበት፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሳትከፍቺ አስር ደቂቃ አቆዪው። እየከፈቱ ማየት የለም!

ሾርባው ሎሚ ውሃ የሆነው ሎሚውን ስላፈላሽው ነው፣ ይሄንን ብምልም ይሆናል። ሎሚ ሲፈላ ሽታው ይበናል ኮምጣጣው ብቻውን ይቀራል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ አንድ ሊትር የዶሮ መረቅ ካለሽ እሱን አፍይ ከሌለሽ ውሃውን ከዶሮው ጋር፣ ሁለት ሦስት ዘለላ ጠጅ ሳር፣ አራት ስስ የዝንጅብል ቁራጭ፣ ሎሚ ዛፍ ያለው ጎረቤት ካለሽ ሁለት ለጋ ቅጠል ለምነሽ። ጠጅ ሳር ስንል እኛ ለሻይ የምንቆርጠው ቅጠሉን ነው፣ ለዚህ የሚፈለገው ግን ከስሩ ከፍ ብሎ ያለው ወፍራሙ ነጩ ክፍል ነው፣ እሱን በዘነዘና ጀርባ ቀጥቅጪውና ጨምሪ፣ ካልተቀጠቀጠ ሽታውን አይለቅም። ዶሮው ሲበስል ቲማቲምና ቃሪያ፣ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር። ከዚያ አውርጂው። ካወረድሽው በኋላ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ቅመሺው፣ ከጎደለው ጨምሪ፣ ደግመሽ ቅመሺ። ቶም ማለት በነሱ መቀቀል ነው፣ ያም ደግሞ ኮምጠጥ አቃጠል ያለው ድብልቅ። ሽሪምፕ በሚሉት ትንሽ ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳ የሚሰራው ቶም ያም ኩንግ በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ገብቷል፣ አባትሽ ያኘኩት ሳር ተራ ሳር አይደለም በያቸው።

የአሳ ሶሱ ነገር። ትናንሽ የባህር አሳ ከጨው ጋር ተከምሮ አንድ አመትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ የሚወርደው ፈሳሽ ነው፣ ናም ፕላ ይሉታል። ጠርሙሱን ስትከፍቺ ይሸታል፣ አላስዋሽሽም፣ ምግብ ውስጥ ሲገባ ግን ሽታው ይጠፋና ጣዕሙ ይቀራል፣ ልክ የኛ ቅቤ ሲበስል ለማያውቀው ሰው የሚከብደውን ያህል ነው። የግድ ነው ወይ ላልሽው፣ ልጅቷ ጠርሙሱን ትታልሽ ከሄደች ተጠቀሚበት፣ ከሌለ ሶያ ሶስና ጨው አድርጊና ተገላገዪ። ጣዕሙ ያው አይሆንም ግን ያስኬዳል። እኔ ሰዎች አንድ ጠርሙስ ፍለጋ አዲስ አበባ እየደወሉ ጓሯቸው ያለውን በሶብላና ጠጅ ሳር ሲያደርቁት ነው የሚያናድደኝ። ኮምቦልቻ ስለ መመላለሱ ግን ተመላለሺ፣ ለአክስትሽ ደስ ይላታል።

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ከላይ የጻፈችልሽ ሴትዮ ባል ነኝ፣ ስትጽፍ አይቻታለሁ። እውነት ለመናገር የእሁዱን እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ሁለት ነገር አልገባኝም፣ አንደኛ ስኳር ሥጋ ውስጥ ምን ይሰራል? ሁለተኛ ደግሞ ሩዝ ስበላ ሆዴ ይሞላል ግን አልጠግብም፣ ማታ ተነስቼ እንጀራ ፈለግኩ። በእንጀራ ቢበላ ምን ይለዋል?

መልስ፦ ወንድሜ «ዘመድ ነው ጎረቤት» ያልከው አንተ ነህ ማለት ነው፣ ለባለቤትህ ይቅርታ ጠይቅ መጀመሪያ።

ስኳሩ እንዲጣፍጥ አይደለም። ኮምጣጣ፣ ጨው፣ ጣፋጭና የሚያቃጥል አራቱ ባንድ ሳህን እንዲመዛዘኑ ነው የሚፈልጉት፣ አንዱ ሲጎላ ሌላውን ጨምረው ይመልሱታል። እኛስ ቲማቲም ወጥ ሲኮመጥጥብን ቁንጥር ስኳር እንጨምር የለ? እናቶቻችን ይሄን በሚስጥር ነው የሚሰሩት፣ ታይላንዶች በግልጽ። ስኳሩን ምላስህ ለይቶ ካወቀው በዝቷል ማለት ነው።

ያለ እንጀራ አልጠግብም ላልከው አንተ ብቻ አይደለህም እነሱም ያለ ሩዝ አይጠግቡም። በነሱ ቋንቋ ምግብ መብላት የሚባለው ራሱ ኪን ካው ነው፣ ቃል በቃል ሩዝ መብላት ማለት ነው፣ ሰው ሲገናኝም «ሩዝ በላህ ወይ?» ብሎ ይጠያየቃል፣ ኑድል በልቶ ቢሆን እንኳን። እኛ እንጀራ ፍለጋ ወጣሁ እንደምንለው። ሥጋውን በእንጀራ ሞክሬዋለሁ፣ ይሄዳል፣ ሶሱን ግን ቀንሰው እንጀራው ይበሰብሳል። ሾርባውን በእንጀራ እንዳትሞክር።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ ከደሴ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። የኛ ቤት እንደ ብዙ የወሎ ቤት ነው፣ እናቴ ክርስቲያን አባቴ ሙስሊም፣ አጎቶችና አክስቶችም እንዲሁ ግማሽ በግማሽ፣ በዓል ሲሆን ሁለት ቦታ ይታረዳል ሁለት ድስት ይጣዳል። እህቴ ስታገባ ለየት ያለ ነገር ለመስራት አስበን ስለ ታይላንድ ምግብ ሰማን። ሁሉም ባንድ ማዕድ የሚበላው አለ? ደግሞ እናቴ ጾመኛ ናት።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ይሄ ጥያቄ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም መልሱ ከቅርብ ነው፣ ከዚሁ ከሐይቅ ከተማ የሚመጣው አሳ። አሳ ማን አረደው አይባልም፣ ስለዚህ ለሁለቱም ወገን ባንድ ሰሀን ይቀርባል፣ ወሎ ይሄን ያውቀዋል። ታይላንድ ውስጥ ሙሉ አሳ በእንፋሎት አብስለው በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የሚያቀርቡት ምግብ አለ። ከሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ ቅርፊቱን አስነሺ፣ ሁለት ጎኑን በቢላ ሰንጥቂ፣ ሆዱ ውስጥ የተቀጠቀጠ ጠጅ ሳር ክተቺ፣ ከፈላ ውሃ በላይ በወንፊት ነገር ላይ አስተኝተሽ ከድነሽ አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ፣ አሳው ከተለቀ ትንሽ ጨምሪ። ለብቻው የሎሚ ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳርና ሁለት ማንኪያ ትኩስ መረቅ አዋህደሽ ስታወጪው ታፈሺበታለሽ።

ቆሮሶ ደግሞ ለነሱ እንግዳ አይደለም፣ ይሄን ሳውቅ ራሴን ነው ያዞረኝ። በ1965 እ.ኤ.አ. የያኔው የጃፓን አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ለታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል 50 የአባይ ቲላፒያ፣ ማለት ይሄንኑ ቆሮሶ፣ ላኩላቸው፣ ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸው ኩሬ ውስጥ አራቧቸውና ለገበሬው አከፋፈሉ፣ ዛሬ ፕላ ኒን ተብሎ አገሩን ሞልቶታል። የአባይ አሳ ጃፓንን ዞሮ ታይላንድ ገብቶ ማለት ነው፣ እኛ የቅርቦቹ ቀቅለን ጠብሰን ብቻ ትተነዋል።

ሥጋ ካስፈለገ ማሳማን የሚባል ካሪ አለ፣ ስሙ ራሱ ሙስሊም ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ድንች፣ ለውዝ፣ የኮኮናት ወተት፣ ሽታው ለደሴ ሰው ጭራሽ እንግዳ አይሆንም፣ የሙሽራ ቤት ነው የሚሸተው። ማኮምጠጫው ደግሞ ከቆላው ወገን የሚመጣው ሮቃ ነው፣ አንዳንዱ ሁመር የሚለው፣ ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፈሽ ጨምቀሽ ታጠይዋለሽ። የኮኮናት ወተት በቆርቆሮ ካጣሽ ለኬክ የሚሸጠውን ደረቅ ኮኮናት በሙቅ ውሃ አሽተሽ በነጠላ ጨርቅ ጨምቂው። ይሄኛው እንደ ወጥ በቀስታ የሚበስል ስለሆነ እጅሽ አይቸገርም፣ ግን ያው ሁለት ድስት ነው።

ለእናትሽ፣ ጾም ላይ አሳ የማይበሉ ከሆነ የታሸገ የካሪ ቅመም አትግዢ፣ አብዛኛው የሽሪምፕ ልቁጥ አለበት፣ ጀርባውን አንብቢ። የአሳ ሶሱንም በሶያ ሶስ ለውጪ። የኮኮናት ወተት ግን ጾም ነው ይብሉት፣ ድንቹንና ፎሶሊያውን በሱ ብትሰሪላቸው ጾም መሆኑን ሊረሱት ይችላሉ። ለአባትሽ ወገን ደግሞ ታሽጎ የሚመጣ ሶስ ሲሆን ሐላል የሚለውን ምልክት እዪ።

ጥያቄ፦ እትዬ እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ከደሴ። ታይላንዶች በሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው አይደል የሚበሉት? ደግሞ ፓድ ታይ የሚባለው የጥንት ባህላዊ ምግባቸው ነው? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ በማንኪያና በሹካ ነው። ማንኪያው ቀኝ እጅ ላይ፣ ሹካው ግራ እጅ ላይ ሆኖ ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ አፍ አይገባም። እንጨቱ ለኑድል ነው። ሰሜን ምስራቅ ኢሳን የሚባለው አካባቢ ደግሞ የሚያጣብቀውን ሩዝ በእጃቸው ጠቅለል አድርገው ነው የሚበሉት፣ ጉርሻ ይቀረዋል እንጂ እንደኛው ነው።

ፓድ ታይ፣ ማለት በመጥበሻ የሚገለባበጠው የሩዝ ኑድል፣ የጥንት ነው ያለው ተበልቷል። ሩዝ ኑድሉ ከቻይና ሰዎች ጋር የገባ ነው፣ ፓድ ታይ ግን የታወቀው በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊቡን ሶንግክራም ሕዝቡ ኑድል እንዲበላ ሲቀሰቅሱ ነው። በ1939 የአገሩን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ የቀየሩትም እሳቸው ናቸው፣ ምግቡና የአገሩ ስም እኩዮች ናቸው በለው። ቃሪያውም ቢሆን የጥንት አይደለም፣ የነሱም የኛም፣ ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከኮሎምበስ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወጣችን ምን ይመስል እንደነበር ማሰቡ ራሱ ያስፈራል። አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ፓድ ታይ ልስራ ብለህ ኢንዶሚ እንዳትገዛ፣ እሱ ስንዴ ነው ይላቁጣል። የሩዝ ኑድል ካገኘህ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው እንጂ አትቀቅለው። ውርርዱ ስንት ነበር?

ጥያቄ፦ እትዬ ከኮምቦልቻ ነኝ። ግቢያችን ፓፓያ አለ፣ ዘንድሮ ብዙ ያዘ። ጎረቤታችን ከዱባይ የመጣች ልጅ ጥሬ ፓፓያ ወቅጣ ሰላጣ ሰራች ሲሉ ሰማሁ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እንዴት ነው የሚሰራው? ደግሞ ቃሪያው ስንት ይሁን?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም፣ ሶም ታም ነው፣ የኢሳን ሰዎች ምግብ። አንቺ ግቢሽ ውስጥ ካለ ከደሴዎቹ ይልቅ ዕድለኛ ነሽ። ፓፓያው ጭራሽ ያልበሰለ መሆን አለበት፣ ሲነካ ድንጋይ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ። ወተት መሳይ ነገር ይወጣዋል፣ ልጠሽ እጠቢው። ነፍሰ ጡር ካለች ግን ጥሬውን አትስጫት፣ ለሷ በካሮት ስሪላት። ከዚያ እንደ ክብሪት እንጨት በቀጫጭኑ ትከትፊዋለሽ። ሙቀጫ ውስጥ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ወቀጥ፣ የተቆላ ለውዝ ጨምረሽ ሰበር፣ ጥሬ ፎሶሊያ ሁለት ሦስት ዘለላ ቀጥቀጥ፣ ቲማቲም ጨፍለቅ፣ ከዚያ ሎሚ፣ ጨው ወይ የአሳ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። ፓፓያው መጨረሻ ይገባና በአንድ እጅ እየወቀጥሽ በሌላው በማንኪያ ታገላብጪዋለሽ። በርበሬ እንደምትወቅጪ አይደለም ቀስ ብለሽ ነው፣ ፓፓያው መጎዳት እንጂ መድቀቅ የለበትም። ሙቀጫውን ግን አስቀድመሽ በደንብ እጠቢው፣ የኔ የመጀመሪያው ሶም ታም ኮረሪማ ኮረሪማ ብሎ ነው የወጣው፣ እውነት ለመናገር አልከፋም።

ቃሪያው ስንት ይሁን ላልሽው፣ ባንኮክ ያቺ ባለ ጋሪ ሴትዮ ሶም ታም ስትወቅጥ ገዢውን ሁሉ ስንት ቃሪያ ብላ ትጠይቃለች፣ ሁሉም ይነግራታል። የኔ ተራ ሲደርስ ጣቷን አሳየችኝ፣ አንድ? ሁለት? እኔ የወሎ ልጅ፣ ሚጥሚጣ በቁርጥ ያደግኩ፣ ፈረንጅ መሰልኳት እንዴ ብዬ ተናደድኩና አምስቱንም ጣቴን ዘረጋሁላት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ዘረጋሁ። ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ እንባዬ ወረደ፣ አፍንጫዬም ተከተለ፣ ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር የሩዝ ሰሀን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ፣ የሩዙንም ሂሳብ አልተቀበለችኝም። አንቺ በአንድ ጀምሪ፣ እኔ እስካሁን ሁለት ላይ ነኝ።